ለብቻቸው የተከልኳቸው ባቄላዎች

የልጅ ልጆቼ ናቸው የያዙኝ፤ አያትን በዕብራይስጥ «ሳቭታ» ነው የሚሉት፤ «ሳቭታ፣ ያን የባቄላውን ነገር ንገሪን» እያሉ። እነግራችኋለሁ፣ ግን ወሬዬም እንደ እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ተከተሉኝ።

ከኢትዮጵያ መጥተን አሽዶድ ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ሮቫ ቤት በሚሉት ሰፈር ያለው ቤታችን ያፍነኝ ነበር። ሁሉም ወደየሥራው ሲበተን እኔም ወጥቼ እሄዳለሁ። ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ ለላሞች መኖ አልፋልፋ ይዘራል። ከአጥሩ ወዲህ ያለችውን ጠባብ መሬት ስዞራት አይቶ «ዝሪባት» ብሎ በእጁ አመለከተኝ። ከበዓለ መጸለት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ባቄላ ዘራሁባት። ዘሩን የሰጠችኝ የባሌ እህት ናት፤ ከወዴት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም።

ሲያብብ የአንዳንዱ ቅጠል በቢጫ ተዥጎርጉሮ ተጨማደደ። በእኛ ወገን፣ አገር ቤት፣ በወር አበባዋ ያለች ሴት የመርገም ጎጆ በምንለው ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ጊዜዋ ሲያበቃ ታጥባ ትመለሳለች። እኔም የታመሙትን ከነሥራቸው አንስቼ ጥግ ላይ ተከልኩና ዙሪያቸውን ድንጋይ ደረደርኩ። ባሌ አይቶ፣ «አንቺ ሴት፣ ባቄላም የመርገም ጎጆ ትገባ ጀመር?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ሳቅ፣ ሲሻላቸው ታያለህ!»

እውነትም ፀሐይ ሲሞቅ አረንጓዴ ቅጠል አወጡ። መልሼ ከእህቶቻቸው መሃል ተከልኳቸው።

ወዲያው የገበሬው አልፋልፋ ቢጫ መሆን ጀመረ። አጥሩ ጋ ቆሞ ጮኸ፤ አብራኝ የነበረችው ልጄ የሚለውን ተረጎመችልኝ። «ሳቭታ፣ በሽታው ከኢትዮጵያ ባመጣሽው ዘር ነው የገባው! ንቀይው!»

«ከሹክ፣ ከዚሁ ከገበያው፣ የተገዛ ቢሆንስ?» አልኩ።

«ነው እንዴ?» አለች ልጄ ወደ እኔ ዞራ።

እኔ ምኑን አውቄ። የባሌን እህት ብጠይቃት፣ «ማን ያስታውሳል? ባቄላ ባቄላ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አላርፍ አለ። ስገባ መውጣት፣ ስወጣ መመለስ ያምረኛል። አባቶቻችን እንገባባት ብለው ሲጸልዩ ወደኖሩላት ቅድስት አገር በሽታ ይዤ ገባሁ ማለት ነው?

ገበሬው ከምርምር ቤት አንዲት ሴት አስመጣ። ከአልፋልፋው፣ ከባቄላዬ፣ ከአጥሩ ሥር ከበቀለው ልት ከሚባለው አረምም ቅጠል ቀንጥባ ለየብቻ በፌስታል ይዛ ሄደች። ቆይታ ተመልሳ መጣች። ቅጠሉን ጨምቀው መድኃኒት ሲጨምሩበት፣ በሽታ ያለበት ቅጠል ውሃው ቢጫ ይሆናል አሉ። ለካ ዳኑ ብዬ የመለስኳቸው የአረንጓዴዎቹም ውሃ ቢጫ ሆኗል፤ ምንም የታመመ የማይመስለው የልቱም እንዲሁ።

«ቅጠሉ ቢያምርም በሽታው ውስጡ አለ» አለችኝ። «ክሽክሹ፣ ይቺ ቅጠል ላይ የምትሰፍረው ትንሽ ተባይ፣ ከአንዱ መጥጦ ለሌላው ያቀብለዋል። የበሽታውን ዘር ማንዘር አስተያይተናል፤ የሦስቱም በሽታ አንድ ነው።»

«እሺ፣ የትኛው ነው ለየትኛው የሰጠው?» አልኩ።

ልጄ ተረጎመችላት። «እሱን ይህ ምርመራ ብቻ አይነግረንም» አለች ሴትዮዋ።

ገበሬው መልሶ አልጮኸም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ማሳው ሄደ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው ሄጄ ፍሬ የያዘውን ሳይቀር ነቃቅዬ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አልሄድኩም፤ መዞሪያዬን ወደ ባሕሩ አደረግኩ።

ስንት ዓመት አልፎ ነው፣ ከልጅ ልጆቼ እርሻ የተማረችው የነገረችኝ፦ ያ በሽታ በራሱ በአልፋልፋው ዘር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ማሳው ውስጥ የሚገባው ዘሩ ሲዘራ አብሮ ነው።