ቅማል የሸሸው ሰው

አባቴን መጀመሪያ የያዘው ብርድ ነው። ጣሊያን ወደ ዛሪማ በሚያስቆርጠው መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ፣ ከወለቃ በላይ ወዳለው ቤታችን የገባ ዕለት፣ ፀሐይ እየበላው ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። «ራሴን» አለና መደቡ ላይ ወደቀ።

ሠራተኞቹ በአንድ ድንኳን ተጠባብቀው ነው የሚያድሩት፤ ጋቢው በቅማል ተወሮ መጣ። ቅማል በኛ ዘንድ ጉድ አይደለም፤ የሌለበት ማን አለና። እናቴ ይታይሽ ደጅ ተቀምጣ ትቀምልለት ጀመር። ከስፌቱ ትለቅምና በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር መሐል ጧ ታደርገዋለች። ለባሏ የምታስብ ሴት እንዲህ ነው የምታደርግ፤ ደግሞም እጇ ፈጣን ነበር።

ትኩሳቱ ሲበረታ ግን ቅማሉ ከአባቴ ላይ ጠፋ። የአባቴ እኅት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ እጀ ጠባቡን ገልጣ አየችና ደረቷን ደቃች። ቅማል የሸሸው በሽተኛ አይተርፍም ይባላል።

«ምነው ታለቅሻለሽ?» አላት ጎረቤታችን አያ ታፈረ። አባቴን ሊጠይቅ መጥቶ፣ የአባቴን ጋቢ ጫፍ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። «ቅማልም እንደ ሹም ነው፤ የሚበላው ሲያጣ አገር ይቀይራል።» አባቴ ራሱ ሳቀ።

አባቴ አልሞተም። ላብ አጠመቀው፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ እህል ቀመሰ። እልል ልንል ስንል፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመለሰበት። ግርሻ። አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች።

«ይታይሽ፣ ሽንኩርት ያቁላላሽው አጠገቡ ነው። ሽታው ነው ያገረሸበት።»

«ኧረ ከታመመ ወዲህ ድስት ላይ ቅባት አልጣልሁም» አለች እናቴ። ማንም አላመናት። እኔ አጠገቧ ነበርሁ፤ እኔንስ ማን ሊሰማኝ።

ከዚያ እናቴን ብርድ ያዛት።

ተኛች። አቃጠላት። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ውኃ አልዋጥ አላት። ጸበል ተረጨች። አልበረደላትም። እጇን ይዤ ተቀመጥሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

አያ ታፈረ ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሳት። ጣሊያኑ ሐኪም ጣቷን ወግቶ ደሟን መስተዋት ላይ ቀባ፣ በማይክሮስኮፕ አየ፣ ከዚያ በአስተርጓሚ ተናገረ።

«ደሟ ውስጥ ስፓይሮኬት የሚባል፣ እንደ ከርዳዳ ጠጉር የተጠማዘዘ ረቂቅ ተባይ አለ። ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው ቅማል ነው።»

«ቅማሉማ ሸሽቶ ሄደ እኮ» አለች አክስቴ።

«ወዴት?» አለ ሐኪሙ።

አክስቴ የለበሰችውን ጋቢ ቁልቁል አየች።

«ቅማል የጋለ ገላ አይወድም፤ ጤነኛውን ፈልጎ ይሄዳል። ተባዩ ያለው በቅማሉ ሆድ ነው። ቅማሉ ሲፈነዳ ተባዩ በተጫረ ቆዳ ይገባል። ግርሻውም የበሽታው ጠባይ ነው፤ ሄዶ ይመለሳል።»

የእናቴን አውራ ጣት አየሁት። ጥፍሯ ሥር ተልጦ ነበር። አክስቴም አየችው።

ኔዎሳልቫርሳን የሚባል መርፌ ወጋት። «መጀመሪያ ይብስባታል» አለ። «ምንም ልታደርጉ አትችሉም። ጠብቁ።»

ተንቀጠቀጠች። አልጋው ተንቀጠቀጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። «እማ» አልኋት። አላወቀችኝም። ጠበቅሁ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዓይኗን ገለጠች። «ምነው አፈጠጥሽብኝ?» አለችኝ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ስጽፍ እጄ ራሱ ይፈጥናል፤ አባቴም በቃሬዛ መጥቶ ተወግቶ ዳነ፣ የሁላችንም ጠጉር ተላጨ፣ እናቴ ራሷን እየዳሰሰች «መነኮስሁ፣ ቆብ ብቻ ነው የቀረኝ» እያለች ታስቀን ጀመር፣ እቤት ስንገባም ጋቢውን፣ ቀሚሱን፣ መቀነቱን ሁሉ በትልቅ ማሰሮ ቀቀልነው። አንድ ቀን አክስቴ የራሷን ጋቢ ታቅፋ መጣችና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ይታይሽ እቴ፣ ይቺንም ጨምሪልኝ» አለች። እናቴ ተቀብላ ጨመረችው።

እናንተ ቤታችሁ ትኩሳት የገባባችሁ፣ ቅማልን በጥፍር አታፍርጡ። ልብሱን ቀቅሉ፣ የስፌቱ ቅጫም እስኪያልቅ። የበሽተኛውን ጋቢ አብራችሁ አትልበሱ። ትኩሳቱ ቢወርድም አትዘናጉ፤ ሲመለስም ወጥ የሠራችውን አትውቀሱ።

ሐኪሙን እግዜር ይስጠው። ከሁሉ በላይ ግን አያ ታፈረን አመሰግናለሁ፤ እናቴን ለሐኪም ያደረሳት እሱ ነው። በሽታው እሱን ሲይዘው ቃሬዛውን አዘጋጅተን ለመንነው። «አገሬን የወጋ ጣሊያን ደግሞ እኔን ይውጋኝ?» ብሎ ሳቀብን። ግርሻውን አልቻለውም፤ ቀበርነው። እናቴን ተሸክሞ ያደረሳት ዕለትም እኛ ከእሷ ጋር ስንገባ፣ እሱ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ቀርቶ ነበር። እናንተ ግን ግቡ።