ለሥራ የተሣለ ሂና

ትናንት የልጅ ልጄ ጥፍሯን ተቀብታ እጆቿን ዘረጋችልኝ። ነገ የሥራ ቃለ መጠይቅ አላት። "እማማ፣ ለሙቃበላው አይበዛም?" አለችኝ። ቀለሙ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ፈዛዛ ነው። ሳቄ መጣ፤ በእሷ ዕድሜ እኔ ለሥራ የቀረብኩት ሙሽራ ሆኜ ነበርና።

ከደሴ ወደ አባቴ አገር ወደ ኤደን ከመጣን ዓመት አልሞላንም። አባቴ ሞቶ፣ እኔና እናቴ መንሱራ ሰፈር አጎቴ ቤት አንዲት ክፍል ተጠግተናል። ክሬተር የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ በሽተኛ የምትመዘግብ ልጅ ይፈልጋል ሲባል፣ እናቴ ከእኔ በላይ ጓጓች። ሥራውን ካገኘሁ የራሳችንን ቤት ልንከራይ ነው።

ለእናቴ ሰው ፊት መቅረብ የሚጀምረው ከእጅ ነው። ደሴ ሳለን ለክብር ቀን ሁሉ እንሶስላ ታሞቀኝ ነበር። እዚህ እንሶስላ ስላጣች ሂና የምትሥል ጎረቤት ጠራች። እኔ ጓዳ ፀጉሬን ስታጠብ ሴትዮዋ "አሩሳ?" ብላ ጠየቀቻት፤ ሙሽራ ናት ወይ ማለቷ ነው። እናቴ ቃሉን የምታውቀው ግን የሰፈር ልጆች አሻንጉሊታቸውን ሲጠሩበት ነበር። ልጄን አሞገሰችልኝ ብላ "ኢይዋ፣ ማሻ አላህ" ስትል አዎ አለቻት።

እስከ ክርኔ ጥቁር አበባ በአበባ ሆንኩ። እስኪደርቅ እጄን መንካት ስለማልችል ዓሣና ሩዙን እናቴ አጎረሰችኝ። ትልቅ ሴት ሆኜ እንደ ሕፃን አፌን እየከፈትኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ በጠዋቱ ሙቀት የጀበል ሐዲድን ተራራ አልፈን ክሬተር እስክንገባ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉ ሴቶች እጄን እያዩ ፈገግ ይሉልኛል። ቆንጅቼ ነው ብዬ እኔም ፈገግ እላለሁ።

የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ከወረቀቴ በፊት እጄን አዩ።

"ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ሙሽራ ግን አርባ ቀኗን ሳትጨርስ ሹግል ብላ ሥራ ትፈልጋለች?"

ባል የለኝም አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ በእነሱ ወግ ያላገባች ልጅ እንዲህ አትሣልም። ወረቀቴን ወደ እኔ ሲገፉት ቤታችን አብሮ ሲሄድ ታየኝ። የእናቴን ነገር፣ የእንሶስላውን ወግ ነገርኳቸው። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው ጥቁር ጓንት አወጡ።

"እስኪለቅ ይህን አጥልቂ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።"

አልነገርኳትም። በዚያ ሙቀት ጓንቴን የማወልቀው መንሱራ ስደርስ ነበር። በሽተኞቹ ጓንቱን አይተው ጨዋነቴን ሲያደንቁ፣ እናቴ ደግሞ ልጄን ያስቀጠራት እጇ ነው ትል ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ሳሚዋ እናት ስትሆን ግን ንፍጡም አያስከፋም።

ከዓመታት በኋላ የእውነት ሳገባ ያችው ሂና የምትሥል ሴት መጣች። "አሩሳ?" አለች። የእናቴ ዓረብኛ ያኔ ተስተካክሏል። "ዛሬስ አዎ" ብላ መለሰችና፣ በአማርኛ ወደ እኔ ዝቅ ብላ፣ "ያን ጓንት ቦርሳሽ ውስጥ አይቼው ነበር፤ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው ልጄ?" አለችኝ።

እናቴ ዛሬ የለችም። ትናፍቀኛለች። የልጅ ልጄን አይበዛም አልኳት። ቀለሙ እስኪደርቅም ራቷን እኔ አጎረስኳት።