እግሬን የታጠብሁበት የጎርጎራ ድንጋይ

የይለፍ ወረቀቱ ወጣ! አክስቴ ከበር ሆና ስትጮህ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር፤ እንባዬን ሳልጠርግ ዘለልሁ። ጎርጎራ ልንሄድ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ አያቴ ወደተወለደበት ከተማ! ጣሊያን ከገባ ወዲህ ያለ ወረቀት ከጎንደር መውጣት ክልክል ነውና ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

ወረቀቱን ልንቀበል ስንሄድ አስተርጓሚው የቀለሙን ጨርቅ ገፋ አደረገልኝ። “አውራ ጣትሽን።”

“ብዕሩን” አልሁት።

“ደግሞ ብዕር! ምን ልታደርጊበት?” ብሎ ሳቀ።

ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁለት። የመጨረሻዋን ፊደል ጅራቷን ሆን ብዬ አስረዘምኋት። ሳቁ ቆመ።

ፊደል ያስቆጠረኝ አያቴ ነው። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ከመደቡ አይወርድም። ስሰናበተው እጄን ያዘ። “ከወደቡ በስተግራ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ልጅ ሆኜ ከእርሻ ስመለስ እግሬን የምታጠበው እዚያ ነበር። አሁን አጥረውታል ይላሉ። አንች ታጥበሽበት ከመጣሽ ሐይቁ ዛሬም የኛ ነው። ካልሆነም ተወስዷል በይኝና ልወቀው።”

በጭነት ማኪና፣ በሽንብራ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወረድን።

ጎርጎራ የሄደ ሰው ምን ያድርግ ብትሉኝ፣ አስቀድሞ ዓሣ ይብላ። እኔ ደገኛዋ እንደ ዶሮ ሥጋ መስሎኝ አንዱን ቁራጭ እንዳለ ጎረስሁና አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያሳደረችን የባለ ታንኳው ሚስት ጀርባዬን እየደቃች፣ “ምነው የኔ ልጅ! ዓሣ በጣት ተፈልፍሎ ነው እንጂ!” አለች። የዳጉሳ እንጀራዋ ጥቁር ነው፤ አዋዜዋ ያስነጥሳል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ግን እንዴት ሸጋ ነው! ሁለት ዓሣ ጨረስሁ። ከዚያ የደንገል ታንኳ ይሳፈር፤ መቀመጫው ይርሳል፣ አይፍራ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያንም ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል ይይ። ፈረሰኞቹ ትክ ብለው ያዩሃል እንጂ ዓይናቸውን አይሰብሩም።

ድንጋዩ ግን እውነትም በሽቦ ታጥሯል። ዘበኛውን፣ “አያ፣ እግሬን ታጥቤ ልመለስ” አልሁት።

“ክልክል ነው። የጌቶች መዋኛ ነው።”

“ውሃውም የጌቶች ነው?”

“ውሃውም!”

“ዝናቡንስ እነሱ ናቸው የሚያዘንቡት?”

“ሂጅ ብያለሁ!”

አክስቴ ጎትታ ወሰደችኝ። የባለ ታንኳው ሚስት ስትሰማ ሳቀች። “ሽቦው እስከ ዳር ነው እንጂ ውሃ ውስጥ መች ገባ?”

በማግሥቱ ባልዋ በሐይቁ በኩል ቀዝፎ ድንጋዩ ላይ አወረደኝ። ሁለት ጣሊያኖች ጥቂት እልፍ ብለው ይዋኛሉ። ተቀምጬ እግሬን ነከርሁ።

“አንች! ውጭ!” አለ ዘበኛው ከሽቦው ኋላ።

“አንድ እግር ቀርቶኛል፣ አያ!”

ተረከዜን በጠጠር ፈተግሁት። ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ያን ሁሉ የመንገድ አቧራ ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ዋናተኞቹ ወሰደው። ዘበኛው አየው፣ እኔንም አየኝ፣ ፊቱን አዞረ። ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ግን ታየኝ።

ቤት ስገባ አያቴ እግሬን ዳበሰ።

“ውሃው አሁንም ይቀዘቅዛል?”

“ይቀዘቅዛል።”

“እንግዲያው የኛ ነው።”

የባለ ታንኳው ሚስት ስትሸኘኝ፣ “ደገኞችሽን ሁሉ ላኪልኝ” ብላኛለች። ይኸው ልኬያችኋለሁ። ከታንኳዎቹ በላይ፣ ደጁ ላይ ዓሣ የተሰጣበት ቤት ነው። እግራችሁን ግን ቤታችሁ አትታጠቡ፤ አቧራችሁን ይዛችሁ ኑ።