የአዞው ሸሚዝ

ሞግዚቷ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ቁልፍ ስትቆልፍ ትውላለች። የምትሠራው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ኮት የለበሰው፣ ሹራብ የደረበው፣ ንፍጡን ያዝረከረከው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ፊቷ ይቆማል፤ እሷም እያባበለች ትቆልፍለታለች። "ራሴ ካልቆለፍኩ" የሚል ቢኖር እንኳ በከረሜላ ይታለላል። በከረሜላ የማይታለል አንድ ሰው ብቻ ነው ያላት፤ እሱም ባሏ ነው፤ ያውም ፂሙ የሸበተ ልብስ ሰፊ።

የሐይቁ ዋናተኞች "አዞው" ይሉታል። ዕድሜውን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ስለኖረ ወገቡ ተበላሽቷል፤ ሕመሙ የሚለቀው እዚያ በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። የሐይቁ ጠባቂ ደግሞ ዳር ሆኖ የሚያየው ሰው ሳይዝ የመጣን አዛውንት አያስገባም። ስለዚህ ሞግዚቷ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ፎጣና ፔርሙስ ታቅፋ ዳር ላይ ትቀመጣለች። ብርዱ እሷንም አይምራትም።

መዋኘቱንስ ይዋኝ። አንጀቷን የሚያሳርራት ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ጠባቂው ስንቴ ነግሮታል! "ጋሼ፣ ብርዱ የሚብሰው ከውሃ ከወጡ በኋላ ነው። እርጥቡን ቶሎ ያውልቁ፣ ይድረቁ፣ ይልበሱ፣ ኮፍያ ያድርጉ። ወሬው ይደርሳል።" አዞው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። በቁምጣ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ለመጣው ሁሉ ስለ ውሃው ያወራል። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው ሸሚዙን የሚያነሳው። እሱም ራሱ የሰፋው፣ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ቁልፍ የተደረደረበት ሸሚዝ ነው። ጣቱ ደንዝዞ ቁልፉን አይዝለትም። እሷ እጇን ስትሰድ በክርኑ ይገፋታል።

"ተዪኝ! ዕድሜ ልኬን የሰፋሁትን ቁልፍ ልታስተምሪኝ ነው?"

"ታዲያ ለምን ቁልፍ የሌለው ነገር አትሰፋም? በአናት የሚጠለቅ፣ ሰፋ ያለ ነገር!"

"እሱ ጆንያ ነው። እኔ ጆንያ አልሰፋም።"

በዚህ መሀል ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እሷም ሥራ ይረፍድባታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አንድ ጠዋት ጭራሽ ሸሚዙን ጥሎ፣ በፍል ውሃ ቶሎ ልሙቅ ብሎ ሐይቁ ዳር ወዳለው መታጠቢያ ቤት ሮጠ። "ተው አንተ ሰውዬ፣ ከብርድ ወጥተህ ፍል ውሃ ይጥልሃል፤ መጀመሪያ ልብስ ነው!" ብላ ብትከተለው በሩን ዘጋባት። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰማች። ከጠባቂው ጋር በሩን ገፍተው ሲገቡ አዞው ፊቱ አመድ መስሎ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አድርቀው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ነፍሱ መለስ ስትል የመጀመሪያ ቃሉ "ሳሙናው አንሸራቶኝ ነው" የሚል ሆነ። ሳሙና እኮ አልያዘም!

"ሁለተኛ እንዳትጠራኝ፤" አለችው ወደ ቤት ስትመልሰው። "ሬሳህን ለመጠበቅ አልመጣም።"

ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። አዞውን ግን መከራም አልመከረው። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ "የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ" ይላት ጀመር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ከወንበር ሲነሳ ስታየው ሆዷ ይባባል፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

አንድ ቀን ከሱቁ ጥቅል ይዞ ገባ። ስትፈታው ወፍራም ካባ ነው፤ ቆብ ያለው፣ ውስጡ በፎጣ ጨርቅ የተገበረ፣ በአናት የሚጠለቅ፣ አንድም ቁልፍ የሌለው። እንባዋ መጣ። በስንት መከራ ሰማኝ አለች በልቧ።

"ልበሺዋ፤" አላት።

"እኔ?"

"ልክሽን ከኮትሽ ላይ ወስጄ ነው የሰፋሁት። ዳር ቁጭ ብለሽ በብርድ የምታልቂው አንቺ አይደለሽ? ነገ እንሂድ?"

"አንተስ ምን ልትለብስ ነው?"

"ሸሚዜን ነዋ።"

የእሷን ብርድ አይቷል፤ ማየቱን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ይሄን ሁሉ አይቶ የራሱ ነገር አይታየውም! "እሺ፣ እንሂድ፤" አለችው።

በማግስቱ ካባዋን ለብሳ ዳር ተቀመጠች። አዞው ከውሃው ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወሬ ሊጀምር አፉን ሲከፍት፣ ፎጣውን ይዛ ደረሰችበት። አሸት አሸት አድርጋ አደረቀችውና በገላዋ የሞቀውን ካባ አውልቃ በአናቱ አጠለቀችበት። እርጥቡን ቁምጣም ከካባው ሥር አስወለቀችው። ካባው ጉልበቱ ላይ፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ዋናተኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ሸሚዜስ?"

"ከፎጣው ጋር የጠቀለልከውን አውጥቼ ቤት አስቀርቼዋለሁ።"

"ያጥረኛል እኮ ይሄ!"

"የኔን ልክ ነዋ የወሰድከው። አሁን ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳበችለትና ለብ ያለውን ሻይ አስያዘችው። በሁለት እጁ ይዞ ፉት፣ ፉት አደረገው። እየተንቀጠቀጠ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ከንፈሩ መልኩን ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በስስ ቀሚሷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ የቆመችውን ሚስቱን አያት።

"በረደሽ እኮ፤" አላት።

"አዎ በርዶኛል! እንግዲህ ዛሬውኑ ሌላ ጆንያ ስፋ።"