መምህራችን የሚኖሩበት ጨጓራ

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ዝናብ የመታው በርኖስ ለብሰው ነበር። የእርጥቡ ሱፍ ሽታ መንዝ ያሉትን ዓይነ ስውር አጎቴን አስታወሰኝ።

የኔታ እንላቸዋለን፤ ድጓውን በሙሉ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ምግብ በሰውነታችን ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በማግስቱ ተማሪ ፊት ቆሜ ካልተናገርኩ ሳይንስ መውደቄ ነበር። በርኖሳቸው ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ።

"ልጄ፣ ያጣሽው ማስቀመጫ እንጂ አእምሮ አይደለም" አሉኝ። "እኔ ድጓዬን በሐሳቤ ከቤቴ እስከ ደብሩ መንገዱ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ መንገዱን በልቤ ስሄድ ዜማው በየቦታው ይጠብቀኛል። አንቺም ትምህርት ቤትሽ መንገድ ላይ አስቀምጪው።"

በደንብ ባይገባኝም እንዳሉት አደረግሁ። አፍን በራችን ላይ፣ ጉሮሮን ጠባቧ መተላለፊያ ላይ፣ ጨጓራን እትዬ በለጡ ቤት አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ስሜ ሲጠራ ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። "አፍ፣ ጉሮሮ፣ ከዚያ እትዬ በለጡ ቤት..."

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህራችን የእትዬ በለጡ ተከራይ ነበሩ።

"ለካ እኔ የምኖረው ጨጓራ ውስጥ ነው!" አሉ። "በይ ቀጥዪ፤ ከእኛ ቤት ወዴት ነው?"

"ወንዙ ጋ ትንሹ አንጀት፣ ዳገቱ ላይ ትልቁ አንጀት።"

"መጨረሻውስ?"

አፈርኩ። "እዚሁ... ትምህርት ቤታችን ነው፣ ጋሼ።"

ከሁላችንም አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ዐሥር ከዐሥር ሰጡኝ።

ዕረፍት ላይ አናግረውኝ የማያውቁ ልጆች ከበቡኝ። "የእኛንስ ቤት ምን አደረግሽው? እባክሽ ጉበት አድርጊልን!"

ዛሬም አውቶቡሱ ውስጥ ማን ጉበት እንደሚሆን ሳስብ መውረጃዬ አልፎኛል።