የተመለሰው ስኳር

አባቴ የቴሌቪዥኑን አስቂኝ ድራማ አይወድም ነበር። ሌላ ዘመን ቢሆን ይህ የአንድ ሰው ምርጫ ነው፤ አልወደደውም፣ አለቀ። በእኛ ቤት ግን እናቴንም እኔንም እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነበር። ፈሪ ነኝ። ያኔም ፈሪ ነበርኩ፣ ዛሬም አልተሻለኝም።

ጊዜው ከአብዮቱ አሥር ዓመት ግድም በኋላ ነው። አምቦ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። የቀበሌያችን ቴሌቪዥን አዳራሹ ውስጥ መዝጊያ ባለው የእንጨት ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ወደ ማታ ሣጥኑ ሲከፈት ሰፈሩ ልጁን አስከትሎ ይመጣል። መጀመሪያ ዜና፣ ቀጥሎ የምርት ዘመቻ፣ ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው ድራማ። ታሪኩ በየሳምንቱ ያው ነው። አንድ የመጋዘን ኃላፊ አለ፣ ጯሂ ሚስት አለችው፣ ሁሉን የምታውቅ የቤት ሠራተኛ አለቻቸው። ኃላፊው አንድ ነገር ሊደብቅ ይሞክራል፣ ሠራተኛዋ ታጋልጠዋለች፣ ሊሸሽ ሲል ይወድቃል፣ እያነከሰ ይቅርታ ይጠይቃል። አዳራሹ በሳቅ ያልቃል።

አባቴ አይስቅም። የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ሃያ ዓመት የሰው ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። "ሲወድቅ የያዘው ቀኝ እግሩን ነው፣ ሲነሳ ያነከሰው በግራው! ደግሞ ያመመው ሰው እንዲህ ዓይኑን አያጉረጠርጥም" ይላል። በሹክሹክታ ቢለው ደግ ነበር፤ አባቴ ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ስለ ሕመም የሚያውቀው ከጤና ጣቢያው ብቻ አልነበረም። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ የቆሰለ ወጣት በድብቅ አክመሃል ተብሎ ተወስዶ ሰባት ወር ታስሯል። ሲወጣ ግራ እጁ ከትከሻው በላይ አልነሳ አለ። ምን እንዳደረጉት አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እናቴ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ትለኝ ነበር፦ "ሁለተኛ ከገባ አይወጣም።" ቤታችን የሚተዳደረው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ተሰጠኝ፤ በአባቴ ቀኝ መቀመጥና አፉን ሊከፍት ሲል የኮቱን ጫፍ መጎተት።

ድራማውን በተመለከተ የአባቴ ዋና ባላጋራ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። የእጃጂ ከተማ ሰው ነው፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ አዳራሽ ይመጣል፣ እስኪያለቅስ ይስቃል፣ እንባውን በዚያው ሜትር ይጠርጋል። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ይከራከራሉ።

"ሐኪሜ፣ ሰው ሲወድቅ ያስቃል። ምን ሌላ ፈለግህ?" ይላል ሰፊው።

"ለወደቀው አያስቅም" ይላል አባቴ።

"እኔ እኮ አልወደቅኩም!"

አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተኳርፈዋል። ይህ ሌላ ቤት ቢሆን ያስቃል። እኛን ያስፈራን ሰፊው የሊቀመንበሩን ካኪ የሚሰፋ ሰው መሆኑ ነው። ሊቀመንበሩ ልብስ ሊለካ እሱ ሱቅ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ታያለች።

ሊቀመንበሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቆስሎ ከጦሩ የተሰናበተ ሰው ነበር። ከተማችን ከገባ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም ከኦሮምኛ የሚያውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። ድራማው ሲጀመር ወንበሩን ያዞርና ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኛን ነው የሚያየው፤ ማን እንደሳቀ፣ በምኑ እንደሳቀ፣ ማን እንዳልሳቀ። እኔ የምስቀው ሌላው ሲስቅ ነው፣ የማቆመውም ሌላው ሲያቆም ነው። ይህን በደንብ ተክኜበት ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ተጠራን። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ዝግጅቶች ላይ አስተያየቱን ሰጥቶ በቃለ ጉባኤ ይላክ የሚል ደብዳቤ ከበላይ መጥቷል። የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩና ጽሕፈቴ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ፣ ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሁላችንም አምቦ የምንለውን ከተማ ማኅተሙ ላይ እንዳለው "ሀገረ ሕይወት" ብዬ ከላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ብዬ አባቴን ፈለግኩት። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነው። በቀኙ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። ኮቱን የሚጎትት ሰው አልነበረም።

ሰው ተራ በተራ ተነሳ። "ድራማው አስተማሪ ነው።" "እጅግ አስተማሪ ነው።" "ንቃተ ኅሊናን ያዳብራል፣ አስተማሪ ነው።" እንባው እስኪፈስ ሲስቅ የከረመ ሕዝብ ያስቃል ለማለት አልደፈረም። ያስቃል ያለው ሰፊው ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ይታይልን ብሎም ጨመረ።

"ሁሉም ምስጋና ሆነ" አለ ሊቀመንበሩ። "ሂስ የለም? ተቃራኒ አስተያየት ያለው ይናገር።"

እንዲህ ሲባል ዝም እንደሚባል በዚያ አዳራሽ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። አባቴ ኮቱን ሰብስቦ ተነሳ።

በአማርኛ ጀመረ። ስለ ተዋናዩ እግር ተናገረ፣ ስለ ቀኝና ግራው። ጻፍኩ። ስለ እግር ብቻ ከሆነ እንተርፋለን ብዬ መተንፈስ ጀመርኩ። ነገር ግን እየሞቀው ሄደ። አባቴ ሲሞቀው ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ይገባል። ያለፈው ቅዳሜ ድራማ ላይ ኃላፊው የደበቀውን አንድ ኩንታል ስኳር እያለቀሰ መልሶ ነበር፤ ሰውም አጨብጭቦለታል። አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞረና "ሱካራ ዴቢኤ አርጊታኒ ቤክቱ?" አለ። ተመልሶ የመጣ ስኳር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ማለቱ ነው።

የቀበሌያችን ሱቅ ስኳር ካየ ሦስት ወሩ ነው። በሊቀመንበሩ ጓሮ ወጥቶ ጎረቤት ከተማ ጉደር ገበያ እንደሚሸጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም ማንንም ሳያይ፣ ከሆዱ የወጣ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ምን እንዳደረገ አወቀና ጸጥ አለ።

ሊቀመንበሩ አባቴን አላየውም። ወደ እኔ ዞረ።

"ምንድን ነው ያለው? ስኳር ሲል ሰምቻለሁ።"

ሊቀመንበሩ ወገቡ ላይ የታጠቀው ሽጉጥ በክርኔ ትክክል ነበር። እናቴ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትይዝ አየኋት። ሰባቱን ወር አሰብኩ፣ ስንቅ ይዘን የተሰለፍንበትን በር አሰብኩ፣ የማይነሳውን እጁን አሰብኩ።

"የተሰረቀው ስኳር መመለሱ... ለሕዝብ ጥሩ ትምህርት ነው አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

አባቴ አማርኛ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። አፉን ከፈተ። አየሁት፤ እንዴት እንዳየሁት አላውቅም፣ ግን አፉን መልሶ ዘጋው።

"ይህ ነው ይህን ሁሉ ሰው ያሳቀው?" አለ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሰፊው ዘረጋ። "አንተ ንገረኝ። ልክ ናት?"

ሰፊው ተነሳ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። ያ ኩርፊያ፣ ያ የመንገድ ክርክር ሁሉ ትዝ አለኝ። በእርግጠኝነት አበቃልን አልኩ።

"ልክ ናት ጓድ ሊቀመንበር" አለ በመጨረሻ። "ይህ ሰው ድራማው አይረባም እያለ ስንት ቅዳሜ ደሜን ሲያፈላው ከርሟል። ዛሬ ወደደው። ተሸነፈልኝ! ያሳቀን እሱ ነው።" ብሎ ብቻውን ሳቀ። ሜትሩን ግን መጠቅለሉን አላቆመም። ሌሎቹም ትንሽ ትንሽ ሳቁለት።

ሊቀመንበሩ አባቴን ትክ ብሎ አየው። "ተሸንፈሃል?" አለው።

"ተሸንፌያለሁ" አለ አባቴ።

"ጻፊው" አለኝ።

"ድራማው እጅግ አስተማሪ መሆኑን ገልጸዋል" ብዬ ጻፍኩ። ስለ እግሩ የጻፍኩትን ሰረዝኩት። አባቴ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ ፈረመ።

ወደ ቤት ስንሄድ የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ሰፊው ደረሰብን። "ሐኪሜ፣ አሁንም ቢሆን ድራማው ጥሩ ነው" አለ፤ እንዲመልስለት ፈልጎ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ "ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ጽሕፈትሽ ያምራል።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ በቀኙ ተቀመጥኩ፣ የኮቱን ጫፍ ያዝኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወደቀ። ቀኝ እግሩን ይዞ ተነሳና በግራው አነከሰ። አባቴም ሳቀ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ከወንበሩ ላይ ራሱን ነቀነቀለት። ያን ሳቅ ከሽጉጡ ይልቅ ፈራሁት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። የቀዘቀዘው ሰፊው ነው። ሜትሩ እንደ ድሮው እንባ መጥረጉን አቆመ፤ በመንገድ ላይ የሚከራከረው ሰው አጥቶ ወደ ቤቱ በጊዜ ይገባ ጀመር።

አባቴ ሁለተኛ አልታሰረም። መንግሥት ተለወጠ፣ ሊቀመንበሩ አንድ ቀን የት እንደገባ ጠፋ፣ እኔም ከደመወዜ አጠራቅሜ ለቤታችን ቴሌቪዥን ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አስቂኝ ድራማ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር የማይረባ ድራማ ነበር። ቤት ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን። ሂሱን እንዲያወርድበት፣ እንደ ድሮው እንዲጮህበት ፈልጌ "እንዴት ነው አባዬ፣ ጥሩ ነው?" አልኩት።

መጀመሪያ ያየው እጄን ነው፤ እንደዚያ እሑድ እስክሪብቶ የያዝኩ ይመስል። ምንም አልያዝኩም ነበር።

"አስተማሪ ነው" አለኝ።