እኩል ይሆናል የማትል መደመሪያ

ባለፈው ቅዳሜ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ዝናብ ያዘኝና አሮጌ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ከኩባያዎቹና ሰው ካደረጋቸው አሮጌ ጫማዎች አጠገብ፣ ከመስታወት ሥር፣ ከቁመቷ ወርዷ የሚበልጥ፣ ቁልፎቿ ላይ በብርቱካንማና በሰማያዊ ቀለም ትንንሽ ፊደል የተጻፈባት የፋይናንስ ካልኩሌተር ከጥቁር ማኅደሯ ጋር ተቀምጣለች። ባለሱቋ አውጥታ ሰጠችኝ። ማኅደሩን ስከፍተው የብዙ ሰው እጅ የነካው ላስቲክ ሽታ ወጣና ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልገዛኋትም። ሳምንቱን ሙሉ ቁጥር ሳይ ሰንብቼ በዕረፍት ቀኔ ሌላ የቁጥር ነገር ይዤ ቤቴ የምገባበት አቅም የለኝም፤ ዝናቡ ሳያባራ ወጥቼ ሄድኩ፤ ትዝታው ግን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተከተለኝ።

ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ታስሮ በተፈታ ሰሞን ነው። አባቴ "አንዷ እንኳ ትረፍልኝ" ብሎ ወደ እህቱ ወደ አክስቴ ብርቄ ላከኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ የሚንጫጫበት አንድ ክፍል ቤት ነበራት፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ ስትነሳ ደግሞ ስለ እኔ ትጨነቃለች። የመኖሪያ ፈቃዴ ስላልመጣ መሥራት አልችልም ነበርና ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተደፍቼ ስውል አላስቻላትም፤ በአካባቢው ኮሌጅ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ የሒሳብና የፋይናንስ ትምህርት አገኘችና አፕላይ አደረገችልኝ። "ቁጥር እንግሊዝኛ አይፈልግም" አለችኝ። እንደተሳሳተች ለማወቅ አንድ ቅዳሜ በቃኝ።

መምህራችን ንግግሯም እርምጃዋም የሚጣደፍ ቀጭን አየርላንዳዊት ነበረች። ካልኩሌተሮቹ ለሁሉም ስለማይበቁ ለሁለት ሰው አንድ አንድ አደለችን፤ እኔም ከጋሽ ሙራድ ጋር ተጣመርኩ። ጋሽ ሙራድ በደርግ ዘመን ተሰደው የመጡ የወሎ ሰው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ፀጉራቸው ገብስማ፣ ጣታቸው ወፍራም፣ ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ የሹፌር ጃኬታቸውን አያወልቁም። አማርኛቸው አገር ለቀው በወጡበት ዓመት ላይ ቆሟል፤ ካልኩሌተሯን "መደመሪያዋ" ይሏታል፤ የአገር ቤት የበግ ዋጋ ስነግራቸውም "ለአንድ በግ?" ብለው በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ አዲስ ይጠይቁኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ላይ ሦስት ልንደምር ሞክረን አቃተን። መደመሪያዋ የእኩል ይሆናል ምልክት የላትም። ጋሽ ሙራድ ምናልባት በጀርባዋ ይሆናል ብለው ገለበጧት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልጄ፣ ይቺ እንኳ ተሠርታ ያለቀች አይደለችም" አሉኝ። መምህራችን እየሮጠች መጥታ እየሮጠች አስረዳችን፤ ሁለታችንም "ኦኬ፣ ኦኬ" አልናት፤ ስትሄድ ተያየን። ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ የሌላውን ሰው ጣት እያየን፣ ሌላው የነካውን እየነካን ቆየን።

የገባቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ እኔ እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ተቀምጬ ሳለ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። "ስሚ። እኛ 'ሁለትና ሦስትን ደምር' ነው የምንል። ግሡ የት ነው ያለ? መጨረሻ። ይቺም ሁለቱን ስጡኝ፣ ሦስቱንም ስጡኝ፣ ምን እንደማደርግ ኋላ ንገሩኝ ነው የምትል። ወላሂ፣ አማርኛ ነው የምትናገር።" ሁለትን ጫኑ፣ 'አስገባ' የሚለውን ትልቁን ቁልፍ ጫኑ፣ ሦስትን ጫኑ፣ በመጨረሻ የመደመር ምልክቱን ጫኑ። አምስት መጣ። ለንደን ከገባሁ ወዲያ ድምፄ እስኪሰማ የሳቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል፤ መምህራችን እንኳ ዞር ብላ አየችን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። ብድሩን፣ ወለዱን፣ ዘመኑን፣ ወርኃዊ ክፍያውን የሚይዙትን ቁልፎች ለየን፤ ከእጅ የሚወጣ ገንዘብ ፊቱ የመቀነስ ምልክት ካልተደረገበት መደመሪያዋ ተቆጥታ ስሕተት ብላ እንደምትዘጋም አወቅን። ጋሽ ሙራድ ይህን ወደዱት። "ሰጪና ተቀባይ ሳይለይ አልፈርድም ማለቷ ነው" አሉ። ሃይማኖተኛ ሰው ናቸውና ወለድ የሚባል ነገር በቤታቸው እንደማይገባ አውቅ ነበር፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን እንደሚማሩ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "ልጄን ልረታው ነው" አሉኝ። ልጃቸው ከማል እዚህ የተወለደ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ከማዘጋጃ ቤቱ ተከራይተው የሚኖሩበትን የካውንስል ቤት በቅናሽ መግዛት ይቻላል ሲባል ሰምቶ፣ ብድር እንውሰድ ብሎ አባቱን መውጫ መግቢያ አሳጥቷቸዋል። እሳቸው የወለዱ ድምር ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ቢያሳዩት ልጁ ራሱ ይሸሸዋል ብለው አስበዋል።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መደመሪያዋን ይዘሽ ነይ ብለው ቤታቸው ጠሩኝ። ባለቤታቸው እትዬ ራህማ ሻይና ሳምቡሳ አቀረቡ። ከማል የቤቱን ዋጋ፣ ወለዱን፣ ዘመኑን ከስልኩ እያነበበ ተናገረ። ቁልፉን እኔ ልጫን ብላቸው እምቢ አሉ። በዚያ በወፍራም ጣታቸው ቀስ እያሉ ጫኑ፤ የመቀነሱን ምልክት ረስተው ስሕተት መጣ፤ ከማል ፈገግ አለ፤ እንደገና ጀመሩ። የወለዱ ድምር ሲወጣ ለሁላችን አሳዩን፤ እውነትም ያስፈራ ነበር። ቀጥለው ግን ማንም ሳይጠይቃቸው የኪራዩን አስገቡ፤ ኪራይ በየዓመቱ እንደሚጨምርም ያውቃሉና ጭማሪውን አልተዉትም። ሲጨርሱ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከመጀመሪያው ደግመው ሠሩት። እኔ ከጎናቸው ሆኜ መልሱን አይቼዋለሁ፤ ተሳስተው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

"ልክ ነህ" አሉት። "ሒሳቡ አንተ እንዳልከው ነው። መግዛቱ ይረክሳል።"

የከማል ፊት በራ። "ሶ፣ አፕላይ እናድርግ?"

"አይ። ልክ ነህ አልኩህ እንጂ እፈርማለሁ አላልኩም።"

"አባ፣ ታዲያ ለምንድነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የተማርከው?"

"የምተወው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ አውቄ ልተወው።"

ከማል አባቱን፣ ከዚያም እኔን አየ። "አይ ካንት፣ አልቻልኩም" አለ በቀስታ፣ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። እትዬ ራህማ ያልተጠጣውን ሻዩን አነሡ። ጋሽ ሙራድ መደመሪያዋን አጥፍተው፣ በማኅደሯ ከተው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እስካሁን ድረስ ያን የመሰለ ሽንፈት አላየሁም። አንድ ቁጥር ቢደብቁ ይረቱ ነበር።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። እሳቸው ወደ አውቶቡሳቸው ተመለሱ፤ የእኔ ፈቃድ መጣና በአንድ የብድር መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ከማል ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ አዛወረ፤ ለኢድ ይመጣል፣ ከእናቱ ጋር ይጫወታል፣ ከአባቱ ጋር ስለ እግር ኳስ ብቻ ያወራል። ከዓመታት በኋላ ሕንፃው ሊፈርስ ነው ተባለ። ቤታቸውን የገዙት ጎረቤቶች ገንዘባቸውን ይዘው ሄዱ፤ ለተከራዮቹ የባቡሩ መስመር የሚያልቅበት የከተማው ዳር ምትክ ቤት ተሰጣቸው። እትዬ ራህማ አዲሱን ሰፈር አልወደዱትም፤ ሰቨን ሲስተርስ ገበያ የሚያውቋቸውን ሴቶች ፍለጋ በሁለት ባቡር ይመላለሱ ነበር፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቤት ዋሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። አክስቴም ጡረታዋን ይዛ አገሯ ገባች።

ጋሽ ሙራድን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ምድር ቤት ያለች ንጹሕ፣ ጸጥ ያለች ቤት ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ስለዚያ ቤት ይቆጫቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል መጥቼ፣ ፊታቸውን ሳይ አፌ አልደፈረም። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። አሁን ሒሳቡን ሁሉ ኮምፒውተር እንደሚሠራው፣ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲጠብቁ እኔ የወጣውን መልስ ብቻ አንብቤ እንደምነግራቸው አጫወትኳቸው።

"ተፈቅዷል ወይም አልተፈቀደም የሚለውን?"

"አዎ።"

"አንቺ ልክ አይደለም ብትይስ?"

"አይለወጥም፣ ጋሼ።"

"ደክሞሽ ነዋ እንዲህ የሆንሽ" አሉኝ። "እኔኮ ስትገቢ ታመሽ መስሎኝ ነበር።"

ሻዬን ጠጣሁ፤ ጉንጬን ስመው ሸኙኝ፤ በሩ ላይ ቆመው መታጠፊያው እስኪሸፍነኝ አዩኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ከማል ደውሎ በተሰባበረ አማርኛ መርዷቸውን ነገረኝ። እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ያን ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ተጠይቄ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቴን አይቶ የጠየቀኝ ሰው የለም።